በለቅሶ ግሩፕ የምትስቅ ፊት
በጅማ ለእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ስልጠና መክፈቻ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦች፤ ከሂርማታም ከጅሬንም ከቆጪም የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ «የኢሞጂ ታሪክና አጠቃቀም» ይላል፤ ኢሞጂ ማለት በስልክ መልእክት የምንልካት ትንሽ የፊት ወይም የሌላ ነገር ሥዕል ናት። ታሪኩን እናገራለሁ፤ የመጣሁት ግን በአንዲት ፊት ላይ ክስ ይዤ ነው።

ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሲቀድ ሲያሰማ፣ የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ይሄ ሳቅ ነው ለቅሶ ብሎ የተከራከረ የለም። ዛሬ መርዶው በቴሌግራም ይመጣል፤ ከስሩ ደግሞ ጥርሷን ገልጣ የምትስቅ ፊት ትደረደራለች። ላኪው እንባዋን አይቶ ነው፤ ክፋት የለበትም።

የሚገርመው፣ ነገሩ የተጀመረውም በእንዲህ ያለ ስህተት ነው። አሜሪካ፣ ፒትስበርግ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ። የኮምፒውተር ሰዎች በጋራ የማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ይጫወታሉ፦ አሳንሰር ገመዱ ተበጥሶ ቁልቁል ሲወርድ፣ ውስጡ ያለው ሻማና የሜርኩሪ ጠብታ ምን ይሆናሉ? አንዱ ቀልደኛ «በፊዚክስ ሙከራ ምክንያት አሳንሰሩ በሜርኩሪ ተበክሏል» የሚል ማስጠንቀቂያ ለጠፈ። ወጉን ከመጀመሪያው ያልተከታተለ ሰው እውነት መሰለው። እንግዲያ ቀልድ በምን ይታወቅ? አንዱ ኮከብ ይሁን አለ፣ ሌላው የመቶኛ ምልክት። መስከረም 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1982፣ ከረፋዱ 5፡44 ላይ ከእነዚሁ የኮምፒውተር ሰዎች አንዱ፣ ስኮት ፋልማን፣ ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና የሚዘጋ ቅንፍ ደርድሮ «በጎን አንብቡት» አለ። :-) ይህቺ ናት። ቀልድ ላልሆነው :-( አስቀመጠ። ፊት የመጣው ጨዋታና ቁም ነገር እንዳይደባለቅ ነበር ማለት ነው። እኛ መልሰን ደባለቅነው!

ከዚያ በፈረንጆቹ 1999 ሺገታካ ኩሪታ ለጃፓኑ የስልክ ኩባንያ ዶኮሞ 176 ሥዕሎች አዘጋጀ፤ እያንዳንዱ 12 በ12 ነጥብ። በ2010 ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ፣ ለኢሞጂዎችም ቁጥር ሰጠ። የኛም ፊደል እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው፤ «ሀ» 4608 ነው። ስለዚህ የሚላከው ቁጥር ነው፤ ሥዕሉን የሚስለው የተቀባዩ ስልክ ነው። ስልኩ አሮጌ ከሆነ ባዶ ሳጥን ያሳያል።

አሁን ወደ ተከሳሿ። ቁጥር 128514፦ አፏ ወደ ላይ ተከፍቶ ጥርሷ ይታያል፣ በየዓይኗ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ አለ። ከሳቅ ብዛት የመጣ እንባ ነው። የምታለቅሰው 128557 ናት፤ እንባዋ በሁለቱም ጉንጭ እንደ ጅረት ይወርዳል። በትንሽ ስክሪን፣ ያለ መነጽር፣ ሁለቱም እንባ ናቸው። ይባስ ብሎ 128514 ብቻዋን ከተላከች ቴሌግራም ያገዝፋታል፣ ያንቀሳቅሳታል። የሟች ልጅ ከአባቱ መርዶ ስር ስትንፈራፈር ያያታል!

ሐዘን ላይ ፊት ለምን ያስፈልገናል? «ነፍስ ይማር» ስድስት ፊደል ነው፤ ስድስት! «አላህ ይዘንለት» ቢሆን ስምንት። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ የምንቀመጥ ሰዎች ስምንት ፊደል ከበደን?

ስለ አጭር መልእክትም ትንሽ ልበል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ በአንድ መልእክት እስከ 160 ፊደል ይይዛል። አንዲት ኢሞጂ ከገባችበት ጣሪያው ወደ 70 ይወርዳል፤ 150 ፊደል የነበረው ሦስት መልእክት ሆኖ ይከፈልበታል። ለመቶ አባል ስታባዙት ገንዘብ ያዦች ታውቁታላችሁ። በኛ ፊደል ሲጻፍ ጣሪያው ከመነሻው 70 ነው፤ እዚያም አንዷ ኢሞጂ የሁለት ፊደል ቦታ ትይዛለች።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አድሚን የሆናችሁ የግሩፑን ስም ነክታችሁ ወደ ማስተካከያው ግቡ፣ «ሪአክሽን» የሚለውን ፈልጉ፣ ጭራሽ ዝጉት ወይም የተመረጡትን ብቻ ፍቀዱ። ይሄ ግን ከመልእክት ስር የሚለጠፈውን ነው የሚያስቀረው፤ ራሱን ችሎ የሚላከውን አይከለክልም። በስህተት የላከ ሰው የላከውን ጫን ብሎ ይዞ ማስተካከል ይችላል፤ እስከ 48 ሰዓት ጊዜ አለው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። መነጽር የረሳ ከጎኑ ካለው ጋር ይይ። ግሩፑን ክፈቱ።