«ምን አድርገሻት ነው?»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ጀርባ አጥንት መጣመምና መጉበጥ ነው።

ጀርባው የጎበጠ ልጅ ሲታይ ምክንያት የሚያጣ ሰው የለም። ከእጅ ወድቆ ነው፣ ሸክም በዝቶበት ነው፣ እርግማን ነው ይባላል። የታናሽ እህቴ ጀርባ መጣመም ሲጀምር ጣቱ ሁሉ የተቀሰረው እናቴ ላይ ነበር። «እንዴት አዝለሻት ነው? ምን አድርገሻት ነው?» ይሏታል።

መጀመሪያ ነገሩን ያየችው ዩኒፎርም የምትሰፋልን ሴት ናት። ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ዘረጋች፣ ቆም አለች፣ እንደገና ለካች። «አንዱ ትከሻዋ ዝቅ ብሏል። ቀሚሱም በዚህ በኩል ይሰቀልብኛል» አለች። ራጅ ሲነሳ ስኮሊዮሲስ ነው ተባለ። አከርካሪው ወደ ጎን ይታጠፋል፣ እየታጠፈም ይጠመዘዛል። ጎንበስ ስትል አንዱ ወገን የጎድን አጥንቷ ከፍ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ሐኪሞች መጣመሙን በዲግሪ ይለኩታል፤ ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ስኮሊዮሲስ ይባላል። ከ10 ሰው በ8ቱ ገደማ መንስኤው አይታወቅም። በማዘልም፣ በደብተር ቦርሳም አይመጣም። ሐኪሙ ይህን ሲነግራት እናቴ እዚያው አለቀሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ራሷን ስትወቅስ እንደኖረች ያኔ ነው የገባኝ።

መንስኤው የሚታወቅም አለ። አንዳንዱ ልጅ ገና በማህፀን ሳለ አከርካሪው ሳይሟላ ይፈጠራል። ፖሊዮ ጡንቻ ሲያዳክምም ጀርባ ይጣመማል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ ምክንያቱም በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

እኛ ቲቢ ሲባል ሳል ነው የሚታየን። ባክቴሪያው ግን በደም ተጉዞ አከርካሪ ውስጥ ይገባል። የአጥንቱን የፊት ክፍል ይበላዋል። ፊቱ ሲፈርስ ከላይ ያለው ወደፊት ይደፋል፣ ከኋላ ሹል ጉብታ ይወጣል። በሽታው በስሙ የሚጠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 ጽፎታል፤ በጥንት ግብፃውያን ሙሚዎች ላይም ምልክቱ ተገኝቷል። ልጁን አስተውሉት። ጀርባውን ያመዋል፣ ሕመሙ አይለቀውም። ይከሳል፣ ማታ ያልበዋል። መሬት የወደቀ ሳንቲም አንሳ ስትሉት ጎንበስ አይልም፤ ጀርባውን አቅንቶ በጉልበቱ ይቀመጥና ያነሳል። ነርቩ ከተጫነ ደግሞ እግሩ ይዝላል።

ይኼኔ ብዙ ቤተሰብ ወጌሻ ጋ ይሮጣል። ወጌሻ ወለምታ ያቃና ይሆናል፣ አልክድም። ቲቢ የበላው አከርካሪ ግን አይታሽም! ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ጸበሉም ቢሆን መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይሁን። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። የአጥንቱ ሕክምና ከሳንባው ይረዝማል። ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የፈረሰውን አጥንት አይመልስም፤ መዘግየት የማይገባው ለዚህ ነው።

ለዘገዩት የሚደክሙ ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ የሚሠራው አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ ብዙ ልጆችን ጋና፣ አክራ ወደሚገኘው ፎኮስ ሆስፒታል ልኳል። ሆስፒታሉን የመሠረቱት ጋናዊው ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ ናቸው። ጉብጠቱ ለከፋበት ልጅ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጭንቅላቱ ላይ የብረት ቀለበት ይታሰራል፤ አከርካሪው በክብደት ቀስ እያለ ለሳምንታት ይሳባል። ቀላል መንገድ አይደለም። ግን ትንፋሽ ያጥረው የነበረ ልጅ ደህና ይተነፍሳል።

እባካችሁ፣ ልጆቻችሁን ስታጥቡ ጀርባቸውን እዩ። እግራቸውን ገጥመው ጎንበስ ይበሉ፤ ከኋላ ሆናችሁ ሁለቱ ወገን እኩል መሆኑን ተመልከቱ። በተለይ ቁመት በሚጨምሩበት ዕድሜ ደጋግማችሁ እዩ፤ መጣመሙ ቶሎ የሚብሰው ያኔ ነው። ሁለቱ ወገን እኩል ካልሆነ ራጅ ይነሱ። ጎረቤት ምንም ቢል እናትየውን አትጠይቋት።

በሚቀጥለው እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።