ለእንቅልፍ የተጀመረ መጠጥ፦ ሱዛን ሄይዋርድ በ«አይል ክራይ ቱሞሮው»

(ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፊልም፤ መድረክ ላይ የምትዘፍን ሴት)

የዚህ ፊልም ባለታሪክ ሊሊያን መጠጥ የለመደችው ለመዝናናት ብላ አይደለም። ልታገባው ያሰበችው ሰው ሞተባት፤ እንቅልፍ እምቢ አላት። የምታስታምማት ነርስ ትንሽ ብትጠጣ እንደምትተኛ መከረቻት። በቃ፣ ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው «አይል ክራይ ቱሞሮው» ነው፤ «ነገ አለቅሳለሁ» እንደማለት። ያዘጋጀው ዳንኤል ማን ነው። ታሪኩ ፈጠራ አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ብሮድዌይ (የኒው ዮርክ የቲያትር ሠፈር) ላይ የሠራችው ዘፋኝና ተዋናይት ሊሊያን ሮት ስለ ራሷ ከጻፈችው መጽሐፍ የተወሰደ ነው። እሷን ሆና የምትተውነው ሱዛን ሄይዋርድ ናት። ዘፈኖቹንም ራሷ ነች የዘፈነቻቸው።

(ምስል፦ ብርጭቆ የያዘ እጅ)

ሱስ እንዴት እንደሚያድግ እዚህ ላይ ልብ በሉ። መጀመሪያ ለመተኛት ይጠጣል። ቀጥሎ ቀኑን ለመግፋት። ኋላ ደግሞ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ። እዚህ ከተደረሰ ሰውነት ራሱ ጠያቂ ይሆናል፤ ሲቀርበት ያልበዋል፣ ይርዳል። ሊሊያን ሰክራ አግብታ ሲነጋ ሠርጉን አታስታውሰውም። ይሄ የድራማ ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ሰካራም ሰው ቆሞ እያወራ አእምሮው ምንም ሳይመዘግብ ሊቀር ይችላል።

(ምስል፦ ጠባብ ክፍል፤ እናትና ልጅ ፊት ለፊት)

እኔ ደጋግሜ የማየው የእናትና የልጅን ጠብ ነው። ልጇን ገና በሕፃንነቷ ወደ መድረክ የገፋችውን ኬቲን የምትጫወተው ጆ ቫን ፍሊት ናት። ሊሊያን ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ስትዘረግፍባት ኬቲም ዝም አትልም፤ የራሷን ብሶት ታወጣለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጥፋተኛ መገኘቱ ግን ልጅቷን ከጠርሙሱ አላላቀቃትም።

በመጨረሻ የገባችው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ዘንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ውስጥ የተጀመረ ማኅበር። እዚያ ሱሰኛን የሚደግፈው ሱስ ያየ ሰው ነው። ቃል የሚገባውም ለዛሬ ብቻ ነው። እዚያ ከሚደግፋት ከበርት ጋር የሚመጣው ፍቅር ግን ትንሽ ቸኮለብኝ። ሆሊውድ ነዋ!

ሄይዋርድ በዚህ ሥራዋ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመች፤ ለኦስካር ታጭታ ግን ጣሊያናዊቷ ተዋናይት አና ማኛኒ ወሰደችው። እ.ኤ.አ. በ1947ም «ስማሽ አፕ» ላይ የምትጠጣ ዘፋኝ ሆና ሠርታለች። ካገኛችሁት ከዚያኛው ጀምሩ። እዚያ ስካሩን በደንብ ትጫወተዋለች፤ እዚህኛው ላይ ደግሞ ስካሯን ለመደበቅ የምትታገል ሴት ናት፤ የሚከብደውም ይሄ ነው።