«ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማረው ማሸት ነው?»

የዲፓርትመንት ምርጫ ሰሞን ስለሆነ ይመስለኛል፣ በዚህ ሳምንት ስልካችን የተጨናነቀው በፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የተዳከመ እንቅስቃሴን በልምምድና በእጅ የማከም ሙያ፣ ትምህርት ጉዳይ ነው። አየር ላይ ሰዓት ስላጠረን መልሶቹን ሰፋ አድርጌ እዚህ ጽፌያቸዋለሁ።

ከአዳማ የደወሉ እናት፦ «ልጄ ፊዚዮቴራፒ ደረሰው። ጎረቤቶቼ ‹ማሸት ለመማር ዩኒቨርሲቲ ድረስ?› እያሉ ይስቁብኛል። እውነት የሚማረው ምንድን ነው?»

እናቴ፣ ጎረቤቶችዎ ብቻቸውን አይደሉም። ታካሚዎቻችንም ገና ከበር ሲገቡ «እዚህ ጋ እሽት አድርገኝ» ነው የሚሉን። ማሸት አለ፤ ግን ከትምህርቱ ትንሹ ክፍል ነው። ብዙው ጊዜ የሚያልቀው ምርመራ ላይ ነው።

መጀመሪያ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነትን አቀማመጥና አሠራር፣ ይማራል። አስከሬን ላይ ጡንቻውን ከጡንቻ፣ ነርቩን ከነርቭ ይለያል። ከአንገት ወጥተው ክንድን የሚያዙ ነርቮች አሉ፤ ብራኪያል ፕሌክሰስ ይባላሉ። እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ነው የሚወርዱት። ተማሪው ይህን መረብ በቃሉ መሣል አለበት። ሳያማርር ያለፈ ተማሪ አላየሁም! ጥቅሙ ግን ኋላ ይታያል። የላይኛው ክንዱ የተሰበረ ሰው መጥቶ እጁን ከአንጓው ቀና ማድረግ ቢያቅተው፣ የተጎዳው የትኛው ነርቭ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

ከዚያ መለካት ይማራል። ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ ጎኒዮሜትር በምትባል ማዕዘን መለኪያ በዲግሪ ይለካል። የጡንቻን ጉልበት ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል። ዜሮ ማለት ጡንቻው ጭራሽ አይንቀሳቀስም ማለት ነው። አንድ፣ እጅ ሲጫኑበት ብልጭ የምትል መኮማተር አለች። ሦስት፣ እግሩን ወደ ላይ ያነሳል፤ ትንሽ ሲገፉት ግን ይወድቃል። አምስት ጤነኛ ነው። «ትንሽ ተሽሎታል» የሚል ሪፖርት እኛ ዘንድ ነጥብ አያሰጥም። ከሁለት ወደ ሦስት ወጥቷል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው።

እኔ ግን ከሁሉ የምመዝነው ልጅዎ መቼ እጁን መሰብሰብ እንዳለበት መማሩን ነው። ወገቤን የሚል ሁሉ የሚታሸው አይደለም። የወገብ ሕመሙ ላይ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ከተጨመረ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። መቀመጫውና በጭኖቹ መሃል ደንዝዞት ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ቀዶ ሕክምና አድርጎ አልጋ ላይ የሰነበተ ሰው አንድ ባቱ ብቻ ቢያብጥና ቢያቃጥለው ደም ረግቶ ይሆናል፤ ቢታሽ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ይህን ለይቶ «እኔ አልነካዎትም፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ» ማለት ዓመታት ይፈጃል። ለጎረቤቶችዎ ይህን ይንገሩልኝ።

ከደብረ ብርሃን የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ባዮሎጂ እወዳለሁ፣ ፊዚክስ ግን አይገባኝም። ያስቸግረኛል?»

ወንድሜ፣ ፊዚክስ አያመልጥህም። ባዮሜካኒክስ የሚባል፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ በፊዚክስ የሚያይ ኮርስ አለ። ግን እንደ ሃይስኩሉ ደረቅ አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አያትህ የቀኝ ዳሌያቸውን ቢያማቸው ከዘራውን በየትኛው እጅ ይያዙ? አብዛኛው ሰው በቀኝ ይላል። መልሱ በግራ ነው። በቀኝ እግራችን ስንቆም የቀረው ሰውነታችን ወደ ግራ እንዳይወድቅ የሚይዙት በቀኝ ዳሌ ጎን ያሉ ጡንቻዎች ናቸው። ጡንቻዎቹ ለመገጣጠሚያው በጣም ቅርብ ስለሆኑ ሚዛኑን ለመጠበቅ አጥብቀው መሳብ አለባቸው። ስለዚህ ዳሌው ላይ የሚያርፈው ጫና ከራሱ ከሰውነት ክብደት በእጅጉ ይበልጣል። በግራ እጅ የተያዘ ከዘራ ከመገጣጠሚያው ራቅ ብሎ ትንሽ ሲደግፍ ጡንቻው ያርፋል፤ ሕመሙም ይቀንሳል። በፊዚክስ የሊቨር (የማንሻ ዘንግ) ሕግ ማለት ይኸው ነው። ዛሬ ማታ አያትህ ላይ ሞክረው።

ከባህር ዳር አንድ አባት፦ «እኛ ዘንድ ጎበዝ ወጌሻ አለ። እናንተ ከእሱ በምን ትለያላችሁ?»

አባቴ፣ ወጌሻን ለማናናቅ አልመጣሁም። ሐኪም በሌለበት ስንቱን ያስነሱ ናቸው። የሚያስፈራኝ ማሰሪያው ነው። አጥንት ሲሰበር ቦታው ያብጣል። ቀርከሃው ወይም ሻሹ ከጠበቀ ደም ይከለከላል። ጣቶቹ ገርጥተው ወይም ጠቁረው፣ ቀዝቅዘውና ደንዝዘው ከታዩ፣ ወይም ልጁ ጣቱን ቀና ሲያደርጉለት ከጮኸ፣ ነገ ይደርሳል አይባልም። በሰዓታት ውስጥ ጡንቻው ይሞታል፤ እጁ እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ተማሪዎቻችን ጄሶ የገባለትን ሰው ሲያዩ በመጀመሪያ የሚነኩት ጣቶቹን ነው።

የተሰበረ አጥንት ማቃናት ግን የእኛም ሥራ አይደለም፤ የአጥንት ሐኪሙ ነው። እኛ ጄሶው ሳለ ያልታሰረውን እናንቀሳቅሳለን። ሲፈታ ደግሞ የደረቀውን መገጣጠሚያ እናላላለን፤ የሰለለውን ጡንቻ እናጠነክራለን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «እህቴ አገር ቤት በፊዚዮቴራፒ ዲግሪ አላት። ዲቪ ደርሷት መጣች። በቀጥታ መሥራት ትችላለች?»

በቀጥታ አትችልም። አሜሪካ ውስጥ አሁን ሙያው የሚሰጠው በዶክትሬት ደረጃ ነው፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ውጭ የተማረ ሰው ትምህርቱ ኮርስ በኮርስ ይነጻጸርበታል፤ የጎደለው ካለ ይሞላል፤ ከዚያ ብሔራዊ ፈተናውን ይወስዳል። ስለዚህ ትራንስክሪፕት ብቻ ሳይሆን የየኮርሱን ዝርዝር ይዘትና የተግባር ልምምድ ሰዓቷን ከዩኒቨርሲቲዋ አሁኑኑ ታስልክ። ሰው የሚጉላላው እዚህ ላይ ነው። እስከዚያው አጠር ያለ መንገድ ከፈለገች የፊዚካል ቴራፒስት ረዳት ትምህርት አለ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ እዚያው እናንተ ሰፈር ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ይሰጣል። የራሱ ፈተናና ፈቃድ አለው።

ከሐዋሳ በጽሑፍ መልእክት፦ «ሲመረቁ ወዲያው ሥራ ይጀመራል?»

የመውጫ ፈተና አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም ተመራቂ ይፈተናል። ከዚያ የሙያ ፈቃድ ይወጣል። ሥራው በሆስፒታል፣ በተሃድሶ ማዕከል፣ በግል ክሊኒክና በስፖርት ክለብ ነው። ሁሉም ኳስ ተጫዋች ማከም ይፈልጋል፤ ወረፋው ያለው ግን ስትሮክ ክፍል ነው።

ከጎንደር አንዲት ተማሪ፦ «ቀጭን ነኝ። ከባድ ታካሚ ማንሳት እችላለሁ?»

እህቴ፣ በጉልበት የሚያነሳ ፊዚዮቴራፒስት ወገቡ ቶሎ ይሰናበተዋል። ማንሳት አይደለም የምትማሪው። ታካሚውን ወደ አልጋው ጠርዝ ታመጪዋለሽ። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይነካሉ፤ ተረከዞቹ ወደ ኋላ ሳብ ይላሉ። አፍንጫው ከእግር ጣቶቹ በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ያዘነብላል። ያኔ መቀመጫው ከአልጋው ራሱ ይነሳል፤ አንቺ አቅጣጫ ብቻ ነው የምትሰጪው። አንድ ነገር ግን አይፈቀድም፤ ስትሮክ የመታውን ሰው የማይታዘዝ ክንዱን ይዞ መጎተት። ትከሻውን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለላሉ መገጣጠሚያው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ሕመሙም ለወራት አይለቅም። ስትሮክ የመታው ሰው ቤታችሁ ያለ አድማጮችም፣ ስታስነሱት ከክንዱ ሳይሆን ከወገቡ ወይም ከጀርባው ደግፉት።