ጎማው የት ጋ ነው? የአሮጌ ስሎት ማሽን ኢሙሌሽን

እሱ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የአሮጌ ስሎት ማሽን፣ ማለትም ሳንቲም ተከቶበት የሚቆመርበት ማሽን፣ ሃርድዌርን ኮምፒውተር ላይ እንዴት ኢሙሌት እንደሚያደርጉት፣ ማለትም በፕሮግራም አስመስለው እንደሚያሠሩት፣ እናወራለን። ሊበርቲ ቤል የሚባለውን ስሎት ማሽን ከሠራው ከቻርልስ ፌይ እንጀምር?

እሷ፦ ፌይ ይቆየን። መጀመሪያ ለንደን ፐብ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ስሠራ ያየሁትን ልንገርህ።

እሱ፦ ያቺ ፐብ ዛሬም መጣች!

እሷ፦ ትምጣ እንጂ! ጠዋት መብራት ሳበራ ጥግ ላይ ያለው ፍሩት ማሽን፣ የእንግሊዞቹ ስሎት ማሽን፣ አብሮ ይነሳል። ማንም ሳንቲም ሳይከትበት ምስል ያለባቸው ጎማዎቹ መዞር ይጀምራሉ። ቼሪ፣ ሎሚ፣ ደወል... ከዚያ ቀጥ ይላሉ። ለምን ይመስልሃል?

እሱ፦ ለማሟሟቅ?

እሷ፦ መነሻቸውን እየፈለጉ ነው! ማሽኑ እኮ ጎማው የት እንደቆመ አያይም። ጎማው ላይ አንዲት ትንሽ ምላስ አለች። ስታልፍ የብርሃን ሴንሰሩን ትጋርዳለች። ፕሮግራሙ መነሻውን በዚህ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ስንት እርምጃ እንዳስኬደው ይቆጥራል፣ በቃ።

እሱ፦ ስቴፐር ሞተር፣ በእርምጃ የሚዞረው።

እሷ፦ ስቴፐር ሞተር! እና አሁን ኢሙሌተር ልትጽፍ ነው እንበል። የእንግሊዙ ማሽን አምራች ባርክረስት ኤምፒዩ4 የሚባል ቦርድ ነበረው። አንጎሉ ሞቶሮላ 6809 ነው። የታወቀ ቺፕ ነው፣ እሱ አያስቸግርህም። ሮሙን፣ የማሽኑ ፕሮግራም ያለበትን፣ ጫንከው፣ አስነሳኸው። ምን ይሆናል?

እሱ፦ ይሠራል?

እሷ፦ የት አባቱ! ጎማ ፍለጋ ይገባል። ዙር ብሎ ያዛል፣ ይጠብቃል፣ ምላሷ አትመጣም። ጎማው ተበላሽቷል ብሎ ይቆማል። ስለዚህ የሌለ ጎማ ትፈጥርለታለህ። ለሞተሩ የላከውን ትእዛዝ እያነበብክ፣ በቁጥር ብቻ ያለ ጎማ ታዞራለህ። ቦታው ላይ ሲደርስ ሴንሰሩ ተጋርዷል ትለዋለህ። መነሻውን ከሳትክ ፕሮግራሙ ቼሪ ያለው ስክሪኑ ላይ ሎሚ ሆኖ ይመጣል!

እሱ፦ ቺፑን ማታለል ነው በይኛ።

እሷ፦ ኧረ ማታለል አትበለው! የለመደውን ዓለም መልሰህ እየሰጠኸው ነው። እኔ ኢሙሌሽን የምወደው ለዚህ ነው።

እሱ፦ እሺ፣ አሁን ፌይ። ሳንፍራንሲስኮ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ሊበርቲ ቤል። ሦስት ጎማ፣ እያንዳንዱ ላይ 10 ምስል።

እሷ፦ 10 በ10 በ10፣ አንድ ሺህ አማራጭ። ሦስት ደወል ከገጠመ 50 ሴንት። ቺፕ የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ።

እሱ፦ እሱማ ቀላል ነው። ሦስት ዕጣ ታወጪያለሽ፣ አለቀ።

እሷ፦ በጭራሽ! ያ ጨዋታውን መኮረጅ ነው። ማሽኑስ? እጀታውን ስትጎትት ስፕሪንግ ይወጠራል፣ ጎማዎቹ ይወረወራሉ። ከዚያ ማቆሚያዎቹ ተራ በተራ የጎማዎቹ ጥርስ ላይ ይወድቃሉ። ዕጣው የሚወጣው ከስፕሪንጉ ነው፣ ከሰበቃው፣ ከዘይቱ!

እሱ፦ ዞሮ ዞሮ ከሺህ አንድ ከሆነ ምን ለየው?

እሷ፦ አይሆንማ! በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የጎማውን ምት አጥንተው፣ እጀታውን በልኩ እየጎተቱ ማሽን የሚያራግፉ ተጫዋቾች ነበሩ። በንጹህ ዕጣ ብትሠራው ኖሮ እነሱ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር።

እሱ፦ ይሄ ይገርማል። ግን ሜም ራሱ፣ ከ1997 ጀምሮ ያለው ትልቁ ኢሙሌተር፣ ሜካኒካል ክፍል ያለው ማሽን ስትከፍቺ ሙሉ በሙሉ ኢሙሌት ማድረግ አይቻልም ብሎ ያስጠነቅቅሻል።

እሷ፦ ልክ ነው። የእጀታው ክብደት እጅህ ላይ አይመጣም። ግን የሚቻለውን ያህል ስፕሪንጉን መሥራት አለብን እላለሁ። ዕጣ ብቻ አይበቃም።

እሱ፦ ለእኔ ለጊዜው ይበቃል። የሳንቲም መክፈያውን ግን ሳንነካው ሰዓታችን አለቀ።

እሷ፦ ሆፐሩን? እሱማ የራሱ ጉድ አለው! እያንዳንዷ ሳንቲም ስትወጣ በሴንሰር ትቆጠራለች። ካልወጣች ፕሮግራሙ...

እሱ፦ በሚቀጥለው! በሚቀጥለው!