ከሽምግልናው በፊት ሐኪም ቤት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የእድር ዳኞች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርቡታል። እኔ አንድ ነገር ልናገር።

ከዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤቴ ፊቷ አብጦ ቤቴ መጣች። ቡና አፈላሁላት። እንባዋን ጠረግሁላት። ከዚያ «ቻይው፣ ለልጆችሽ ስትይ» ብዬ ሸኘኋት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በወሩ ስትመለስ ክንዷ ተሰብሯል። እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 63 በመቶው፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ብለዋል። ወጥ ካሳረረች፣ ሳትነግረው ከወጣች፣ ከተከራከረችው። ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ናቸው። ይህን የምለው ሴቶቹን ለመውቀስ አይደለም። ከልጅነቷ «ቻይ» እየተባለች ያደገች ሴት ሌላ ምን ትበል? እኔም እኮ ያንኑ ነው ያልኳት።

ሕጉ አለ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ሚስትን መደብደብ ወንጀል ነው ይላል። የአስገድዶ መድፈር አንቀጹ ግን ከጋብቻ ውጭ ላለው ብቻ ነው የተጻፈው፤ ባል በሚስቱ ላይ ሲያደርገው አይነካውም። ይህ እንዲለወጥ መጠየቃችንን አናቆምም።

ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሽምግልናው ነው። ሽምግልና ሀብታችን ነው፤ ስንት የደም ቂም አብርዷል። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በካሳ ሲያልቅ ግን የሚታረቁት ቤተሰቦቹ እንጂ እሷ አይደለችም። ጊዜውም ይሄዳል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና መከላከያው ደግሞ እስከ 5 ቀን ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ እስኪሰበሰቡ ሲጠበቅ ሁለቱም ሊያመልጧት ይችላሉ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውም ሳይታጠብ፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት አድርሷት። እዚሁ አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም የሕግ ድጋፉንም አንድ ቦታ የምታገኝበት ማዕከል አለ። ታሪኳን በየቢሮው እየዞረች እንዳትደጋግም ተብሎ የተቋቋመ ነው።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ለመቃወም ነጭ ሪባን እናደርጋለን። ጥሩ ነው፣ እንቀጥልበት። ሌሊት በር ስታንኳኳ የሚከፍትላት ግን ጎረቤት ነው፤ በማግሥቱ የሚጠራው ደግሞ የእድሩ ዳኛ። ለዚህ ነው ሥራ አስፈጻሚው የዘንድሮውን በጀት አብዛኛውን ለእድር ዳኞችና ለሽማግሌዎች ሥልጠና እንዲውል ሐሳብ ያቀረበው። የቀረው መጠለያ ለገቡ እናቶች ልጆች የትምህርት ቁሳቁስ ይሆናል።

ከምሳ በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን። የእድር ዳኞቻችን፣ የሚከብዳችሁንም ጭምር ሳትደብቁ ንገሩን። ጉባኤያችን ተከፍቷል።