«በርቱ» ያሉን ሁሉ የት ሄዱ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ማንም ስላልተጠቀመበት ሶፍትዌር የደወላችሁልንን ጥያቄዎች በባሕር ዳር ለረጅም ዓመታት ሶፍትዌር ለሠሩ ባለሙያ አቅርበናል።

«ከፖሊ ካምፓስ የተመረቅን ሦስት ጓደኛሞች ነን። ባጃጅ የሚያስጠራ የስልክ መተግበሪያ ለመሥራት ስምንት ወር ፈጀብን። ከመጀመራችን በፊት መቶ ያህል ሰው ጠይቀን ሁሉም ‹ግሩም ሐሳብ ነው፣ በርቱ› ብሎናል። አሁን ስልኩ ላይ የጫነው ብዙ ነው፤ ባጃጅ የሚጠራበት ግን የለም። ስህተታችን የት ላይ ነው?» (ከፔዳ አካባቢ)

መቶ ሰው ጠይቃችሁ ያገኛችሁት ምርቃት ነው። ይሉኝታ ባለበት አገር፣ ሦስት ወጣቶች ደብተር ይዘው ፊቱ ቆመው «ይህ ነገር ይጠቅማል?» ሲሉት «አይጠቅምም» ለማለት የሚጨክን ሰው ጥቂት ነው። መጠየቅ የነበረባችሁ ስላለፈው ነው፦ «ባለፈው ሳምንት ባጃጅ አጥተህ የተቸገርክበት ቀን አለ? ያን ቀን ምን አደረግህ?» ከፔዳ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው አስፋልት ዳር ወጥቶ እጁን እንደሚያነሣ ይነግራችሁ ነበር። ዕቃ የሚያበዛውም የደንበኛውን ባለባጃጅ ቁጥር ስልኩ ውስጥ ይዟል። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት የነበረችበት ቤት ግን ሌላ ታሪክ ይነግራችሁ ነበር፤ ምናልባት ሥራችሁ እዚያ ነበር።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ለጣና ዓሣ አጥማጆች የዕለቱን የገበያ ዋጋ የሚያሳይ መተግበሪያ ሠርቻለሁ። አጥማጁ የከተማውን ዋጋ ካወቀ ነጋዴ አያታልለውም ብዬ ነው። አንድ ዓመት ገደማ ለፋሁበት፤ ካርታ አለው፣ ሥዕል አለው፣ አምባዛና ቆሮሶው በየቀለማቸው ተለይተዋል። ከዚያ አንድ ማለዳ ዓሣ ወደሚራገፍበት ዳርቻ ወረድኩ። በእኔ ዕድሜ ያለ አንድ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን ወደ ደረቁ ስቦ ሲያበቃ ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ። በፌስታል ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ በላስቲክ የታሰረ ባለ ቁልፍ ስልክ! የእኔ ሥራ እዚያ ላይ አይከፈትም። እሺ ብዬ ዋጋውን በቃሌ ነገርኩት።

«አውቀዋለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን በርካሽ ትሸጣለህ?»

ጥቂት ራቅ ብሎ ደብተር ይዞ ወደቆመው ነጋዴ በአገጩ አመለከተኝ። «መረቡ የእሱ ነዋ።»

መረቡን በዱቤ ወስዷል፤ ዕዳው እስኪያልቅ የሚሸጠው ለዚያው ሰው ነው። የቸገረው የመረብ መግዣ ብር እንጂ የዋጋ ወሬ አልነበረም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው በእኔ ደረሰ።

«ይህ የአገራችን ችግር አይደለም ወይ? ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር የተሠራው ሁሉ ቢወድቅ ምን ይገርማል?» (ከሽምብጥ)

የኢንተርኔቱ ጣጣ አይካድም። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ ጁሴሮ የሚባል ኩባንያ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ የጭማቂ ማሽን ሠርቶ መጀመሪያ በ700 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ ባለሀብቶች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የብሉምበርግ ዜና ድርጅት ጋዜጠኞች ማሽኑ የሚጨምቀውን የፍራፍሬ ከረጢት በእጃቸው ጨምቀው ጭማቂው ያለማሽኑም እንደሚወጣ አሳዩ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ጫማ በኢንተርኔት የሚሸጠው የአሜሪካው ዛፖስ መሥራች ኒክ ስዊንመርን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ሰው ጫማ ሳይለካ በኢንተርኔት ይገዛ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። በአካባቢው ካሉ ሱቆች ጫማ ፎቶ እያነሣ ለጠፈ፤ ሰው ሲያዝ ሱቁ ሄዶ ገዝቶ ላከ። መጋዘን የለ፣ ክምችት የለ። የባጃጆቹ ልጆችም በአንድ ስልክ ቁጥርና በዐሥር ባለባጃጅ፣ ጥሪውን ራሳቸው እየተቀበሉ፣ በሁለት ሳምንት ሊሞክሩት ይችሉ ነበር።

«ልጄ ሥራውን ለቆ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ ዓመት ሊሞላው ነው። ‹ትንሽ ቀረኝ› ይለኛል። ዕቁብ ደርሶኛል፤ ብሩን ልስጠው ወይስ ይቅር?» (አንዲት እናት፣ ከግሽ ዓባይ)

እናቴ፣ «ትንሽ ቀረኝ» የሚለውን እኔም ለባለቤቴ ስንት ጊዜ ብያታለሁ መሰለዎት! ብሩን ከመስጠትዎ በፊት ሲያልቅ የሚገዛው ማን እንደሆነ ይጠይቁት። «ነጋዴዎች»፣ «ተማሪዎች» ካለዎት አይቀበሉት፤ የሦስት ሰው ስም ከነሰፈራቸው ይጥራ። እነዚያ ሰዎች ያንን ሥራ ዛሬ በምን እንደሚሠሩትም ይንገርዎት፤ በደብተር ነው? ሰው ቀጥረው ነው? ገንዘብ ወይም ጉልበት እያወጡበት ከሆነ ተስፋ አለው። ከሦስቱ አንዱ ቀብድ ከሰጠው እርስዎም ከዕቁቡ ላይ ጥቂት ይጨምሩለት። የሚጠራው ስም ካጣ ግን ብሩን ያስቀምጡና፣ ኮምፒውተሩን ቤት ትቶ ለሁለት ሳምንት ገበያ ውስጥ ይዋል።

«ያልተፈለገውን ሥራችንን እንጣለው?» (በጽሑፍ የደረሰን)

ማስቀመጡ ቦታ አይፈጅም፤ ማደሱን ግን አቁሙ። ከእኔ የዓሣ ፕሮግራም የተረፈው አጭር መልእክት የሚልከው ክፍል ነው፤ ዛሬ ለአንድ ክሊኒክ ታካሚዎች ቀጠሯቸውን ያስታውሳል። በሁለት ቀን የጻፍኩት ነበር። አራት ወር የለፋሁበትን ካርታ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።