የቆየ ስኖውሞቢል ሞተርን ጉልበት መጨመር፦ ከሲሊንደር እስከ ቺንጋ

[ምስል፦ የ1970ዎቹ ስኖውሞቢል፤ ሽፋኑ ተከፍቶ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሩ ይታያል]

ጆዜፍ አርማንድ ቦምባርዲየር እ.ኤ.አ. በ1959 በካናዳ፣ ኩቤክ፣ ስኪ-ዱ የተባለውን ስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ) ለገበያ ካቀረበ በኋላ በነበሩት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በርካታ ፋብሪካዎች ቀላል ስኖውሞቢሎችን ሠርተዋል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚንቀሳቀሱት በባለ ሁለት ምት ሞተር (ፒስተኑ በወጣና በወረደ ቁጥር አንዴ ነዳጅ በሚያቃጥል ሞተር) ነው። ይህ ሞተር በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ቫልቭ የለውም፤ የነዳጅና የአየር ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ የሚዘልቀውም ሆነ ጭሱ የሚወጣው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉ፣ ፒስተኑ ሲወርድና ሲወጣ በሚከፍታቸውና በሚዘጋቸው መስኮቶች ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ሞረድ አንሥቶ እነዚህን መስኮቶች በማስፋት ነው፤ መጀመር ያለበት ግን ከፍሳሽ ምርመራ ነው። ድብልቁ ወደ ሲሊንደሩ ከመውጣቱ በፊት በክራንክ ዘንጉ ቤት ውስጥ ስለሚያልፍ፣ በዘንጉ ጫፎች ያሉት ኦይል ሲሎች (ፍሳሽ የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች) በዕድሜ ደርቀው ከሆነ ካርቡሬተሩ (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚመጥነው ክፍል) ያልመጠነው አየር ይገባል፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ማለትም ከአየሩ አንጻር ነዳጁ ያንሳል፤ ፒስተኑም ከመጠን በላይ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንም በዚያ ዘመን የተሠሩትን የጎማ ክፍሎች ያበላሻል። ስለዚህ መግቢያውና መውጫው ተደፍኖ፣ 0.4 ባር ገደማ የአየር ግፊት ተሞልቶ፣ ግፊቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ሳይወርድ መቆየቱ ሊረጋገጥ ይገባል። አንዳንዶች ለጥንቃቄ ሲሉ ቤንዚኑ ላይ ዘይት ያበዛሉ፤ ይሁንና በካርቡሬተሩ ቀዳዳ ከሚያልፈው ፈሳሽ የዘይቱ ድርሻ በጨመረ መጠን የቤንዚኑ ድርሻ ስለሚቀንስ፣ ድብልቁ ይበልጥ ይሳሳል።

[ምስል፦ የሲሊንደር ቁርጥ፤ የጭስ መውጫው መስኮት በቀለም ተለይቷል]

የጭስ መውጫው መስኮት በአንድ ዙር 190 ዲግሪ ያህል ክፍት ይሆናል ብንል፣ ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ጊዜ ሲዞር መስኮቱ ክፍት የሚቆየው ለ4 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የላይኛውን ጠርዝ ከፍ ማድረግ ይህን ጊዜ ስለሚያራዝም በከፍተኛ ዙር ጉልበት ይገኛል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን ሞተሩ ይደክማል፣ ምክንያቱም እውነተኛው እመቃ የሚጀምረው መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። በጎን ማስፋት የመክፈቻ ጊዜውን አይለውጥም፤ ሆኖም ስፋቱ ከሲሊንደሩ የውስጥ ዲያሜትር 70 በመቶ አካባቢ ሲደርስ የፒስተኑ ቀለበት ወደ መስኮቱ ተገፍቶ ጠርዙን ሊነክስ ይችላል። የተሞረደ ብረት አይመለስም፤ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ በዚህ ሥራ ትልቅ ልኬት ነው።

ከሁሉም ማሻሻያዎች ከፍተኛውን ጉልበት የሚሰጠው የጭስ ማውጫ ቱቦው ነው። በምሥራቅ ጀርመን በኤም ዜድ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ቫልተር ካደን በ1950ዎቹ ለእሽቅድምድም ሞተር ብስክሌቶች ያዳበረው፣ መሀሉ ያበጠ ቱቦ፣ ኋላ ወደ ስኖውሞቢልም ተሻግሯል። መስኮቱ ሲከፈት የሚወጣው የግፊት ሞገድ እየሰፋ በሚሄደው የቱቦ ክፍል ሲያልፍ ወደ ኋላ የመሳብ ኃይል ይልካል፤ ይህም የተቃጠለውን ጋዝ ጎትቶ ያወጣል፣ ከትኩሱ ድብልቅም ጥቂቱን አስከትሎ ወደ ቱቦው ያስገባል። ሞገዱ እየጠበበ ከሚሄደው ጫፍ ሲደርስ እንደ ገደል ማሚቶ በግፊት ተመልሶ፣ ያመለጠውን ድብልቅ መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ይህ መመለስ በጊዜው የሚደርሰው ለቱቦው ርዝመት በሚስማማ የዙር ክልል ብቻ ነው፤ በዚያም ላይ ሞገዱ በጋለ ጋዝ ውስጥ ስለሚፈጥን፣ ቱቦው ገና ሳይሞቅ የሞተሩ ጉልበት የሚጎላው ከወትሮው ዝቅ ባለ ዙር ነው።

የቴስታታውን የታችኛ ፊት በጥቂቱ አስሞርዶ እመቃን መጨመርም ይቻላል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በጠርዙና በቴስታታው መካከል የሚቀረውን ክፍተት ለስላሳ የመበየጃ ሽቦ በካንዴላው (ድብልቁን በእሳት ፍንጣሪ የሚያቀጣጥለው ክፍል) ቀዳዳ አስገብቶ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሮ በተጨፈለቀው ሽቦ ውፍረት መለካት ይቻላል፤ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር የተለመደ ነው። እመቃው ከቤንዚኑ አቅም በላይ ከሆነ ድብልቁ ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተኑን ይበሳል። የእሳቱን ጊዜ ማስቀደምም ፒስተኑን ስለሚያግል፣ በአየር ብቻ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ባይነካ ይመረጣል።

[ምስል፦ የተፈታ ካርቡሬተር]

ግፊቱ እኩል ከሆነ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አየር ከዜሮ በላይ 20 ዲግሪ ከሆነው በ16 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ በቀላል ብርድ በትክክል የተመጠነ ካርቡሬተር በከባድ ብርድ ድብልቁን ያሳሳል፤ በተራራ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ነገሩ ይገለበጣል። ጥንቃቄው ዋናውን የነዳጅ ቀዳዳ ከሚገመተው ሰፋ አድርጎ መጀመርና የካንዴላውንና የፒስተኑን ራስ ቀለም እያዩ ደረጃ በደረጃ ማጥበብ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስኖውሞቢሉ ከቀድሞው ሊዘገይ ይችላል፤ የሞተሩን ዙር የሚወስኑት በቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) የተያያዙት ሁለት ፑሌጃዎች (መዘውሮች) ናቸውና። የፊተኛው ፑሌጃ ክብደቶችና ሞላ ለቀድሞው ሞተር የተመጠኑ ከሆኑ፣ አዲሱን ቱቦ ከሚስማማው ዙር በታች ያፍኑታል። ነዳጁ በሙሉ ተከፍቶ በረጅም ሜዳ ሲነዳ ዙሩ ጉልበት ከሚጎላበት በታች ከቀረ ክብደቶቹ ይቀነሳሉ፤ ካለፈ ይጨመራሉ። ክብደቶቹ በተለወጡ ቁጥር ሞተሩ የሚሠራበት ዙር ስለሚለወጥ፣ ካንዴላው እንደገና ወጥቶ መታየት አለበት።